ስፕሪንግፊልድ ኦሃዮ፦ ማንም ሳያባርራቸው ሄይቲዎቹ ለምን ይሄዳሉ?

አሜሪካ ውስጥ ወርክ ፐርሚት (የስራ ፈቃድ) ይዞ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ካርዷ መንጃ ፈቃድ የምታክል ናት፣ ፎቶ አላት፣ ስም አላት፣ ከታች በኩል ደግሞ የምታልቅበት ቀን ተጽፎባታል፣ እና ሰው የልደቱን ቀን ቢረሳ ያቺን ቀን አይረሳም። እኔ የመጀመሪያዋን ካርዴን ይዤ ዌርሃውስ (መጋዘን) ውስጥ የሌሊት ሺፍት ስሰራ ብሬክ በወጣን ቁጥር ከዋሌቴ አውጥቼ አያት ነበር፣ ቶሎ ቶሎ ሳያት ቀኑ የሚራዘም ይመስል። ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው የኤች አሯ (የሰራተኛ አስተዳደር) ልጅ ጠራችኝና በጣም በትህትና "አዲሱን መቼ ታመጣልናለህ?" አለችኝ፣ ያን ዕለት እንቅልፍ የሚባል ነገር በአይኔ አልዞረም። ማንም አላባረረኝም እኮ፣ ፖሊስም አልመጣም። ግን ከዛ ቀን ጀምሮ ዕቃ መግዛት ተውኩ፣ ጎድጉዶ ወገቤን የገደለኝን ፍራሽ እንኳን "ቆይ ወረቀቱ ይምጣና" እያልኩ ወራት ተኛሁበት።

ይሄን ያነሳሁት ስለራሴ ለማውራት አይደለም። ስለ ስፕሪንግፊልድ ሄይቲዎች ወሬ በተነሳ ቁጥር ሰው አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፣ "አይስ፣ የኢሚግሬሽን ፖሊሱ፣ ገና በጅምላ አልገባባቸው፣ ፍርድ ቤትም ከለላቸው እንዳይነሳ አግዶላቸው ነበር፣ ታዲያ ምን ሆነው ነው ስራቸውን ጥለው የሚሄዱት?" ይላል። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ መልሱ ግን በአንድ አረፍተ ነገር አያልቅም፣ እስቲ የቻልኩትን ያህል በቀላሉ ላስረዳ። ባጭሩ ግን ሰው የሚሄደው በሩ ሲንኳኳ አይደለም፣ ካርዱ ላይ ያለው ቀን ሲቃረብ ነው፣ ቀኑ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፣ ስራውንም መንጃ ፈቃዱንም የቤት ኪራዩንም አስከትሎ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ ከተማዋን እንያት። ስፕሪንግፊልድ ከኮሎምበስ ወደ ዴይተን በሃይዌይ 70 ስትሄዱ መሀል ላይ የምታገኟት ትንሽ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። በ1960 ከ80 ሺህ በላይ ህዝብ ነበራት፣ ከዛ ፋብሪካው አንዱ ሲዘጋ ሌላው ሲቀንስ ልጆቿ ስራ ፍለጋ እየወጡ 2020 ላይ ሲቆጠር ወደ 58 ሺህ ወርዳለች። ባዶ ቤት በየሰፈሩ ነበር። ቆይቶ ግን ከተማው አዳዲስ ድርጅቶች መሳብ ጀመረ፣ የመኪና ዕቃ የሚሰሩ፣ ምግብ የሚያሽጉ፣ ዌርሃውሶች፣ እና አሁን ደግሞ ችግሩ ተገለበጠ፣ ስራው አለ ሰው የለም። ያን ጊዜ ነው ፍሎሪዳና ሌላ ቦታ የነበሩ ሄይቲዎች ወሬውን የሰሙት። እኛ ሀበሾች ይሄን ነገር ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም፣ አንዱ ይሄድና "ቤት ርካሽ ነው፣ ስራ በሳምንት ውስጥ ይገኛል" ብሎ ይደውላል፣ ከዛ የአክስት ልጅ ይመጣል፣ ከዛ የአክስት ልጅ ጓደኛ፣ ከዛ ቤተክርስቲያን ይከፈታል፣ ከዛ ምግብ ቤት። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከተማው ራሱ በካውንቲው (ከተማዋ ባለችበት ወረዳ) ከ12 እስከ 15 ሺህ ስደተኛ እንዳለ ገመተ፣ አብዛኛው ሄይቲ። 58 ሺህ ሰው ላይ ይሄን ስትደምሩት ምን ያህል እንደሆነ አስቡት።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ሁሉ ሰርግና ምላሽ አልነበረም። የቤት ኪራይ ወጣ፣ ክሊኒክ ውስጥ ወረፋው ረዘመ፣ ትምህርት ቤቶች ክሪዮል (የሄይቲዎች ቋንቋ) የሚችል አስተርጓሚ ፍለጋ ተጨነቁ። 2023 ኦገስት ላይ ደግሞ ህጋዊ የኦሃዮ ላይሰንስ ያልነበረው አንድ የሄይቲ ሹፌር ከትምህርት ቤት አውቶብስ ጋር ተጋጭቶ አንድ ህፃን ሞተ፣ የከተማው ቁጣ ከዛ ጀመረ። ከዛ 2024 ሴፕቴምበር 10 በፕሬዝዳንታዊ ክርክሩ ላይ ትራምፕ ስለ ሄይቲዎቹ "ውሻ እየበሉ ነው ድመት እየበሉ ነው" ያሉት መጣ፣ ከተማው ማስረጃ የለም ቢልም ሰሚ አልነበረም። በሚቀጥሉት ቀናት በትምህርት ቤቱም በሆስፒታሉም ላይ ከ30 በላይ የቦምብ ማስፈራሪያ ደረሰና ገዢው ማይክ ዴዋይን የክፍለ ግዛቱን ፖሊስ ትምህርት ቤቶች በር ላይ አቆሙ። ዴዋይን ሪፐብሊካን ናቸው፣ የተወለዱትም እዛው ስፕሪንግፊልድ ነው፣ ሰዎቹ በህጋዊ መንገድ ያሉ ሰራተኞች ናቸው ብለው በተደጋጋሚ ተናግረዋል። ይሄን የምለው ነገሩን የዲሞክራትና የሪፐብሊካን ብቻ አድርጎ ማየት እንደማያዋጣ ለማሳየት ነው፣ ፋብሪካ ያለው ሰው ፓርቲው ምንም ይሁን ምን ሰኞ ጠዋት ማሽኑ ላይ የሚቆም ሰው ይፈልጋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንግባ፣ እዚህ ጋር ነው ብዙ ሰው የሚምታታበት። "ህጋዊ ናቸው" ይባላል፣ "ህጋዊ አይደሉም" ይባላል፣ ሁለቱም ወገን በድፍረት ይምላል። አብዛኞቹ የያዙት ቲፒኤስ የሚባለውን ነው፣ ጊዜያዊ ከለላ በሉት። በ1990 የወጣ የኢሚግሬሽን ህግ ነው የፈጠረው፣ ሀሳቡ ቀላል ነው፣ ሀገርህ ጦርነት ወይም የተፈጥሮ አደጋ ወይም ሌላ ከባድ ቀውስ ካለበትና አንተ አሜሪካ ውስጥ ከሆንክ ለጊዜው አትመለስም፣ ስራም ትሰራለህ። አንድ ጊዜ ሲሰጥ ከ6 እስከ 18 ወር ነው፣ ሊያልቅ ቢያንስ 60 ቀን ሲቀረው የሆምላንድ ሴኩሪቲ ሚኒስትሩ ሁኔታውን አይቶ ማራዘም ወይም ማቆም አለበት። ግሪን ካርድ አይደለም፣ ወደ ግሪን ካርድም በራሱ አያደርስም። 15 ዓመት ቲፒኤስ ላይ የኖረ ሰው 15 ዓመቱን በሙሉ ጊዜያዊ ነው።

ሄይቲ ቲፒኤስ ያገኘችው 2010 ጃንዋሪ ላይ ያ የመሬት መንቀጥቀጥ ከደረሰ በኋላ ነው። ትራምፕ በመጀመሪያው ዘመናቸው 2017 ላይ ሊያቆሙት ወስነው ነበር፣ ፍርድ ቤት አገደው። 2021 ጁላይ ላይ ፕሬዝዳንቱ ጆቬኔል ሞይስ ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ፣ ሀገሪቷ በወንበዴ እጅ ወደቀች፣ ባይደን እንደገና ሰጡት፣ አደሱት፣ በመጨረሻም እስከ 2026 ፌብሯሪ 3 አደረሱት። ያኔ ከ500 ሺህ በላይ ሄይቲዎችን ይመለከት ነበር።

ሌላው ወረቀት ፓሮል ነው። ከ2023 ጃንዋሪ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ስፖንሰር ያለው ሄይቲ በአውሮፕላን ገብቶ ሁለት ዓመት እንዲሰራ የሚፈቅድ ፕሮግራም ነበር፣ ኩባን ኒካራጓን ቬኔዙዌላንም ይጨምራል፣ በጠቅላላው ወደ 530 ሺህ ሰው ገብቶበታል። ይሄን አዲሱ የትራምፕ አስተዳደር 2025 ማርች ላይ ሰረዘው፣ ዳኛ አገደች፣ ሜይ 30 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እገዳውን አነሳው፣ በቃ። በዚህ ምክንያት ትናንት ህጋዊ የነበረ ወርክ ፐርሚት ዛሬ ዋጋ አጣ፣ ካርዱ ላይ ያለው ቀን ገና ሳይደርስ። አዮዋ ውስጥ ኦቱምዋ የምትባል 25 ሺህ ገደማ ህዝብ ያላት ከተማ አለች፣ እዛ የአሳማ ስጋ ፋብሪካ ውስጥ ወደ 200 ለሚሆኑ ሰራተኞች ፈቃዳችሁ ተሰርዟል የሚል ማሳወቂያ ደረሳቸው። ለ25 ሺህ ህዝብ 200 ሰራተኛ ማለት ስንት ቤተሰብ እንደሆነ ቤት ያከራየ ያውቀዋል።

ሶስተኛው አሳይለም (የጥገኝነት ጥያቄ) ነው፣ ብዙዎቹ ቲፒኤስም ይዘው አሳይለምም አስገብተዋል፣ ብልህ ጠበቃ ያገኘ ሁሉ እንደዛ ነው ያደረገው። ቲፒኤስ ሲያልቅ ሰው ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመለሳል እንጂ ወዲያው አውሮፕላን ላይ አይጫንም፣ አሳይለም ያለው ጉዳዩ እስኪታይ ይጠብቃል። ስለዚህ "ፌብሯሪ 3 ሁሉም ዲፖርት ይደረጋል" የሚለው ወሬ ከህጉ አንፃር ልክ አልነበረም። ግን ወሬ ህግ አያነብም።

ከሁሉም የሚገርመኝ የቀኑ ነገር ነው። ልብ ብላችሁ ተከተሉኝ። ቲፒኤሱ እስከ 2026 ፌብሯሪ 3 ነው ተባለ። 2025 ፌብሯሪ ላይ በወቅቱ ሚኒስትር የነበሩት ክሪስቲ ኖም "አይ፣ ኦገስት 3 ነው የሚያልቀው" አሉ። ጁላይ መጀመሪያ ላይ ደግሞ "ሴፕቴምበር 2 ያልቃል" ተባለ። በዛው ሰሞን ብሩክሊን ያለ የፌደራል ዳኛ "የተሰጠውን ጊዜ ማሳጠር አትችሉም" ብሎ ወደ ፌብሯሪ 3 መለሰው። ኖቬምበር ላይ መንግስት "እሺ፣ ፌብሯሪ 3 ያልቃል፣ ከዛ በኋላ የለም" ብሎ አሳወቀ። ፌብሯሪ 2 ማታ፣ አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው፣ ዋሽንግተን ያሉት ዳኛ አና ሬየስ ውሳኔውን አገዱት። መንግስት ይግባኝ አለ። በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ህይወቱ የሚያልቅበት ቀን ስንቴ እንደተቀየረ ቁጠሩት። እኛ ዜና እያነበብን "ጥሩ ነው አገዱላቸው" እንላለን፣ እዛ ያለው ሰው ግን ያንን ዓመት በሙሉ አንድ እግሩን በር ላይ አድርጎ ነው የኖረው።

እሺ፣ ቀኑ ሲቃረብ በአንድ ቤት ውስጥ ምን ይሆናል? አንድ አባወራ እንውሰድ፣ ምሳሌ ነው፣ የማንም ስም አይደለም። ሰላጣ ታጥቦ ከሚታሸግበት ፋብሪካ ውስጥ ይሰራል፣ ክፍሉ እንደ ፍሪጅ ቀዝቃዛ ነው፣ ሁለት ሹራብ ደርቦ ነው የሚቆመው፣ ሚስቱ ዌርሃውስ ናት፣ ትልቋ ልጅ ሄይቲ ተወልዳ 9 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ እዛው ኦሃዮ ሆስፒታል ተወልዶ የአሜሪካ ዜጋ ነው።

መጀመሪያ ስራው ይነቃነቃል። አሜሪካ ውስጥ ማንም ሲቀጠር አይ-9 የሚባል ፎርም ይሞላል፣ አሰሪው ወረቀቱን አይቶ ቀኑን ይመዘግባል፣ ቀኑ ሲደርስ እንደገና ማየት አለበት። በ1986 በወጣው ህግ ፈቃድ እንደሌለው እያወቀ ሰው ያሰራ ቅጣት አለበት። በሌላ በኩል ደግሞ አሰሪው "እኔ የምፈልገው ይሄንን ካርድ ብቻ ነው" ብሎ ሰራተኛውን ካስጨነቀ በአድልዎ ሊከሰስ ይችላል። የኤች አር ሰዎች መሀል ላይ ተቀርቅረው የሚይዙት የሚጨብጡት ይጠፋቸዋል። ስለዚህ ትልልቆቹ ድርጅቶች ቀኑ ሳይደርስ ነው አስቀድመው ማስጠንቀቂያ የሚበትኑት፣ በኤጀንሲ በኩል የገባው ሰራተኛ ደግሞ ማስጠንቀቂያም ላያገኝ ይችላል፣ ስልኩ ላይ የሚቀጥለው ሳምንት ሺፍት ሳይመጣ ይቀራል፣ አለቀ። ሌላም አለ፣ ድሮ ወርክ ፐርሚት ለማደስ ካስገባህ አዲሱ እስኪመጣ ድረስ የድሮው እስከ 540 ቀን በራሱ ይራዘምልህ ነበር፣ 2025 ኦክቶበር 30 ላይ እሱን አቆሙት። ቲፒኤሱ ቢያልቅ በአሳይለሜ ወርክ ፐርሚት እቀጥላለሁ ያለው ሰው እንኳን ማደሻው ከዘገየ መሀል ላይ ያለ ስራ የሚቀመጥበት ጊዜ መጣ ማለት ነው።

ሁለተኛ መንጃ ፈቃዱ። ኦሃዮ ውስጥ በጊዜያዊ ወረቀት ላለ ሰው የሚሰጠው ላይሰንስ ከኢሚግሬሽን ወረቀቱ ቀን ጋር የታሰረ ነው፣ ወረቀቱ ሲያልቅ እሱም ያልቃል። ስፕሪንግፊልድ ደግሞ ኒው ዮርክ አይደለችም፣ ባቡር የለም፣ አውቶብሱ የሌሊት ሺፍት አያውቅም። ያለ ላይሰንስ ከነዳ መብራት ስለተቃጠለ ብቻ ፖሊስ ያስቆመዋል፣ ነገሩ ከፍ ብሎ ካውንቲ እስር ቤት ከገባ አሻራው ይወሰዳል፣ አሻራው በራሱ ወደ ፌደራል ሲስተም ይሄዳል፣ አይስ ያየዋል። ብዙ ሰው ዲፖርቴሽን ሲባል ጭምብል ያደረገ የአይስ ሰው በር ሲሰብር ነው የሚታየው፣ እውነት ነው እሱም አለ፣ ግን ብዙው ነገር የሚጀምረው ከኋላ መብራት ነው። ከስፕሪንግፊልድ አንድ ሰዓት ያህል ቢነዱ በትለር ካውንቲ አለ፣ የሱ እስር ቤት ለአይስ እስረኛ ይይዛል። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቱ ግን ክሊቭላንድ ነው፣ ሶስት ሰዓት ያህል መንገድ።

ሶስተኛው ቤቱ ነው። ሌዙ (የኪራይ ውሉ) ሊያልቅ ሲል አከራዩ "ለአንድ ዓመት ትፈርማለህ?" ይለዋል። የሁለት ወር እርግጠኝነት ያለው ሰው የአንድ ዓመት ሌዝ እንዴት ይፈርማል? በዚህ ምክንያት የሚወጣ ሰው አለ፣ የአይስ መኪና እንኳን ሳያይ።

እዚህ ላይ ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው የህግ ወጥመድ አለ። በ1996 በወጣ ህግ ያለ ፈቃድ ከ180 ቀን በላይ ተቀምጠህ ከወጣህ 3 ዓመት አትገባም፣ አንድ ዓመትና ከዛ በላይ ከሆነ 10 ዓመት። ቲፒኤስ ላይ ያለህበት ጊዜ አይቆጠርም፣ አሳይለምህ እየታየ ያለህበት ጊዜም በአብዛኛው አይቆጠርም። ግን ቲፒኤሱ ካለቀና ሌላ ምንም ከሌለህ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። ስለዚህ ጠበቃ ያማከረ ሰው "ሰዓቱ ሳይጀምር ልውጣ" ይላል፣ ሌላው ደግሞ ተቃራኒውን ያስባል፣ ቅጣቱ የሚመጣው ስትወጣ ስለሆነ "አንዴ ካለፈብኝ አልወጣም" ብሎ ይደበቃል። ያው ህግ አንዱን ያስወጣል አንዱን ያስቀራል።

የት ነው የሚሄዱት ታዲያ? ሄይቲ የሚመለስ በጣም ጥቂት ነው፣ ምክንያቱም መመለሻው ራሱ የለም ማለት ይቻላል። 2024 ኖቬምበር ላይ ፖርት ኦ ፕሪንስ አየር ማረፊያ ላይ የአሜሪካ አውሮፕላን በጥይት ከተመታ በኋላ የአሜሪካ አየር መንገዶች ወደ ዋና ከተማዋ እንዳይበሩ ተከለከሉ፣ የተባረሩት ሰዎች የሚወርዱት በሰሜን ያለችው ካፕ አይሲየን ከተማ ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መስሪያ ቤት ለራሱ ዜጋ "ወደ ሄይቲ አትሂዱ" ብሎ የመጨረሻውን ደረጃ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፣ ያው መንግስት ሌላኛው ቢሮው ደግሞ ቲፒኤሱ ይብቃ ይላል። መንግስት በራሳችሁ ውጡ ብሎ 2025 ሜይ ላይ በስልክ አፕ በኩል ለተመዘገበ 1,000 ዶላርና ቲኬት እሰጣለሁ ማለቱን ሰምታችኋል፣ ቤቱ ለተቃጠለ ሰው 1,000 ዶላር ምን ያደርግለታል ነው ጥያቄው።

ስለዚህ የሚሄደው በብዛት ወደ ሌላ የአሜሪካ ከተማ ነው፣ ዘመድ ወዳለበት፣ ቦስተን፣ ኒው ዮርክ፣ ፍሎሪዳ፣ ብቻ በብዙ ሰው መሀል ፊቱ ወደማይታይበት። የቀረው ወደ ካናዳ ነው፣ ኬቤክ ፈረንሳይኛ ስለሆነ ልብ ይስባል። ካናዳ ግን እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ካናዳና አሜሪካ ከ2004 ጀምሮ አንድ ስምምነት አላቸው፣ አሳይለም የፈለገ ሰው መጀመሪያ የረገጠው ሀገር ላይ ይጠይቅ የሚል፣ ስለዚህ በአሜሪካ በኩል በመሬት ድንበር ብትመጣ ይመልሱሃል። ድሮ በጫካ የገባ ያመልጥ ነበር፣ 2023 ማርች ላይ ያንንም ዘጉት፣ በጫካ ገብተህ በ14 ቀን ውስጥ ከጠየቅክ ትመለሳለህ። ቀዳዳው ካናዳ ውስጥ የቅርብ ዘመድ ያለው ሰው ነው፣ ወንድም እህት አጎት አክስት ካለውና በወረቀት ካሳየ ጉዳዩን ያዩለታል። የልደት ሰርተፊኬቷ ላይ የእናቷ ስም አንድ ፊደል የተሳሳተባት ሴት "እህቴ ናት" ብላ ማሳመን ካቃታት ተመልሳ የምትሰጠው ለአሜሪካ ድንበር ጠባቂ ነው፣ ከዛ እስር ቤት። እና ሀበሾችም ይሄን መንገድ ስለምናስበው፣ እባካችሁ በቲክቶክ ምክር ድንበር አትሂዱ፣ ጠበቃ ጠይቁ።

ሰው ከተማዋን ሲለቅ ከተማዋ ምን ይቀርባታል የሚለው ደግሞ ሌላ ሂሳብ ነው። ኦሃዮ ውስጥ ከተሞች ዋና ገቢያቸው ከደሞዝ ላይ የሚቆረጥ የከተማ ግብር ነው፣ የስፕሪንግፊልድ 2.4 በመቶ ነው። በሰዓት 18 ዶላር የሚያገኝ ሰው 40 ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ቢሰራ 37,440 ዶላር ይሆናል፣ ከዛ ላይ ለከተማው የሚገባው ወደ 900 ዶላር ነው። አንድ ሺህ እንዲህ ያሉ ሰራተኞች ቢሄዱና ቦታቸውን የሚተካ ባይገኝ ወደ 900 ሺህ ዶላር ገደማ በዓመት ጠፋ ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ የፖሊስና የእሳት አደጋ ደሞዝ ነው። ስደተኞቹ ለከተማው ሸክም ናቸው ብሎ የሚከራከር ሰው ይሄን ቁጥር በአንድ ጎን ክሊኒኩን በሌላ ጎን አስቀምጦ ቢያወዳድር ደስ ይለኛል፣ ክሊኒኩ ላይ ያለው ጫና የውሸት ነው እያልኩ አይደለም፣ ግን ሁለቱም ሚዛን ላይ ይውጡ።

ፋብሪካው ውስጥ ደግሞ ነገሩ በቁጥር ልክ አይወርድም። 20 ሰው የሚፈልግ የማሸጊያ መስመር 14 ሰው ቢመጣለት ምርቱ ሰባ በመቶ አይሆንም፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይነሳም። መስመሩ ካልተነሳ እዛ ላይ የሚሰራው አሜሪካዊ ሱፐርቫይዘርም ሰዓቱ ይቆረጣል፣ ፎርክሊፍት የሚነዳውም፣ የጭነት መኪና ሹፌሩም ባዶ ትሬለር ይዞ ይቆማል። ዌርሃውስ የሰራ ሰው ይሄን ያውቃል፣ ማታ ማታ ሱፐርቫይዘሩ በሩ ጋ ቆሞ የሚገባውን ሰው በአይኑ ሲቆጥርና ፊቱ ሲጠቁር።

"አሜሪካኖቹ ይሰሩታላ" የሚል ሰው አለ፣ ሊሆን ይችላል፣ ደሞዙ ከፍ ካለ የሚመጣ ይኖራል። ግን 60 ዓመት ሰው እየቀነሰባት የኖረች ከተማ ውስጥ ወጣቱ ወደ ኮሎምበስ ሄዷል፣ በአንድ ወር ውስጥ ሌሊቱን ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የሚቆም ሺህ ሰው ከየት ይመጣል? ድርጅቱ ደሞዝ ከመጨመሩ በፊት ማሽን ሊያስገባ ወይም ስራውን ወደ ሌላ ከተማ ሊወስድ ይችላል። ኪራይ ይቀንሳል የሚለውም በከፊል እውነት ነው፣ ለተከራይ ጥሩ ነው፣ ባንክ ተበድሮ ባዶ ቤቶችን ገዝቶ ላደሰው ሰው ግን እዳ ነው፣ እና ቤቱ እንደገና ባዶ ከሆነ ሰፈሩ ወደነበረበት ይመለሳል። ገዢው ዴዋይን ራሳቸው የሄይቲዎቹን ቲፒኤስ ማቆም ስህተት ነው ያሉት በዚህ ሂሳብ ይመስለኛል።

ፍርሃቱ ደግሞ ገና ያልሄደውንም ሰው ከከተማው ያወጣዋል፣ በአካል እያለ ማለቴ ነው። 2025 ጃንዋሪ ላይ ቤተክርስቲያን፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል አካባቢ አይስ እንዳይይዝ የሚከለክለው መመሪያ ተነሳ። ከዛ በኋላ ሰው ቅዳሴ ይቀራል፣ ክትባት ይቀራል፣ ሱቅ የሚሄደው በሳምንት አንዴ ነው፣ እሱም ዜግነት ያለው ሰው ይላካል። ከፌብሯሪ 3 በፊት ባሉት ቀናት አይስ ሊወርድ ነው የሚል ወሬ ስፕሪንግፊልድን አጥለቅልቋት ነበር። ያ ያልኳችሁ አባወራ ቤት ቢሆን እንግዲህ፣ ለትንሹ ልጅ የአሜሪካ ፓስፖርት ለማውጣት ይሯሯጣሉ፣ "እኛ ብንያዝ ልጆቹን እገሌ ይውሰድ" የሚል ውክልና ኖታሪ ጋር ሄደው ይፈርማሉ፣ የ9 ዓመቷ ልጅ የሰው ስልክ ቁጥር በቃሏ ታጠናለች። ይሄን ሁሉ አድርጎ ሲጨርስ ሰው ከተማውን በልቡ ለቆ ጨርሷል፣ መኪና ላይ ዕቃ መጫን ብቻ ነው የሚቀረው።

ለእኛም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ቲፒኤስ የተጀመረው 2022 ዲሴምበር ላይ ነው፣ 2025 ዲሴምበር ላይ ይቋረጣል ተብሎ ተነገረ፣ እሱም ክስ ተመስርቶበታል። ስለዚህ የቲፒኤስ ካርድ የያዘ ዘመድ ያላችሁ ከዛሬ ነገ ሳትሉ ሌላ መንገድ እንዳለው ጠይቁለት፣ አሳይለም ሰው አሜሪካ በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት የሚለው ህግ ለቲፒኤስ ሰው ልዩ ሁኔታ አለው፣ ብዙ ሰው አይነገረውም።

የዳኛዋ እገዳ ከወጣ በኋላ ስለሆነው አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፍርድ ቤት ሲያግድ አዲስ ካርድ ታትሞ በፖስታ አይመጣም። የኢሚግሬሽን መስሪያ ቤቱ ድረ ገጹ ላይ "በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ምክንያት ይሄ ቀን ያለበት ካርድ ይሰራል" ብሎ ይለጥፋል፣ ሰራተኛው ያንን ገጽ ፕሪንት አድርጎ ለኤች አር ይዞ ይሄዳል፣ ኤች አር ለጠበቃ ትልካለች፣ ጠበቃው መልስ እስኪሰጥ ሰውየው ሺፍት ላይ አልተጻፈም። ባንክ ሲሄድም እንደዛ፣ ላይሰንስ ሊያድስ ሲሄድም እንደዛ፣ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ካርዱን ገልበጥ አድርጋ ታይና "ይሄ እኮ አልፎበታል" ትላለች። ወረቀቱን ይዘረጋላታል። እሷም ማኔጀሯን ልትጠራ ትነሳለች።